«አንለስ»፣ «ኦንሊ ኢፍ» እና አንዲት ቅንፍ፦ የሎጂክ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚያነሡት አንድ ችግር ነው፤ በተራ እንግሊዝኛ የተጻፈን ዐረፍተ ነገር ወደ ሎጂክ ምልክት መመለስ። ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ተማሪዎቻችን ትምህርቱን በመጀመሪያ ዓመት፣ ያውም በእንግሊዝኛ ስለሚማሩት ሸክሙ ድርብ ነው። ለዓመታት ያስተማርኩት ትምህርት በመሆኑ ዛሬ ዓምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፈተና ላይ «ካላጠናህ በስተቀር አታልፍም» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር መጣ። «አንለስ» የሚል ቃል ነበረበት። እኔ «ካጠናህ ታልፋለህ» ብዬ በምልክት ጻፍኩት፤ ስሕተት ነው ተባልኩ። ለምን? (ተማሪ፣ ጅማ)

መልስ፦ ዐረፍተ ነገሩ የሚናገረው ስላላጠና ሰው ብቻ ነው፤ እርሱ አያልፍም። ስላጠና ሰው አንዳች አላለም። አጥንቶ የሚወድቅ ሰው መኖሩን ደግሞ ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። ትክክለኛው ቀመር «ካላጠናህ አታልፍም» ነው፤ በሎጂክ «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» ለማለት የምንጽፈው ቀስት ከአለማጥናት ተነሥቶ ወደ አለማለፍ ይሄዳል።

ስሕተትህ ግን ከስንፍና የመጣ አይደለም። አስተማሪ ይህን ሲልህ ምክር አድርገህ ትሰማዋለህ፤ «አጥና፣ ታልፋለህ» ያለህ ይመስልሃል። ፖል ግራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ1967 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሰጣቸው ንግግሮች የለየው ይህንን ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ የሚለው አንድ ነገር ነው፣ ተናጋሪው ከአነጋገሩ እንድንረዳለት የሚፈልገው ሌላ። መለያ መንገድም ሰጥቶናል። የጠረጠርከውን ትርጉም በግልጽ ሻረውና ንግግሩ ከራሱ ጋር ይጋጭ እንደሆነ ተመልከት። «ካላጠናህ በስተቀር አታልፍም፤ ብታጠናም ላታልፍ ትችላለህ።» ይህ ንግግር ያስከፋል እንጂ አይጋጭም። ስለዚህ አንተ የሰማኸው ተስፋ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አልነበረም።

በዚህ ቃል ላይ አማርኛችን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ግልጽ ነው። «አንለስ» አሉታውን በሆዱ ደብቆ ይይዛል፤ እኛ «ካላጠናህ» ስንል ግን አሉታው ፊት ለፊት ቆሞ ይታያል። ስለዚህ ቃሉን ባየህ ቁጥር በአእምሮህ «ካል…» እያልክ አንብበው፤ ቀመሩ ከዚያ በኋላ ራሱ ይወጣል።

ጥያቄ፦ «ኢፍ» («ከሆነ») እና «ኦንሊ ኢፍ» («ከሆነ ብቻ») ሁልጊዜ ይደባለቁብኛል። የማልረሳው ምሳሌ ይስጡኝ። (ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሻማ የሚነደው ኦክስጅን ካለ ብቻ ነው። አሁን የተቀመጥሽበት ክፍል ውስጥ ኦክስጅን አለ፤ ሻማ ግን ላይነድ ይችላል። ስለዚህ ከኦክስጅን ወደ ሻማ የሚሄድ ቀስት ውሸት ይሆናል። ከሻማ ወደ ኦክስጅን የሚሄደው ግን እውነት ነው፤ ሻማው ከነደደ ኦክስጅን አለ። «ኦንሊ ኢፍ»ን ተከትሎ የሚመጣው ነገር ሁልጊዜ በቀስቱ ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ ሎጂክ ለሕግ ሰው ይጠቅማል ይባላል። ነገር ግን እንደ «እና» ያለ ቃል ምን የሚያከራክር ነገር አለው? ከቃላት ሁሉ ግልጹ እርሱ አይደለምን? (ጠበቃ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ብቻውን ሲሆን ግልጽ ይመስላል። «ሴቶችና ወንዶች ማመልከት ይችላሉ» የሚል ማስታወቂያ ያስቡ። «እና»ን እንዳለ ወደ ምልክት ከወሰዱት ማመልከት የሚችለው በአንድ ጊዜ ሴትም ወንድም የሆነ ሰው ነው። የአውጪው ሐሳብ ግን ሴት ወይም ወንድ የሆነ ሁሉ እንዲያመለክት ነው። ቃሉ «እና» ነው፣ ምልክቱ የ«ወይም»።

አሉታ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ የሰው ዕድሜ ላይ ይደርሳል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማርች 15 ቀን 2024 የወሰነውን አንድ ጉዳይ ልንገርዎ። በ2018 የወጣው ፈርስት ስቴፕ አክት የተባለው ሕግ፣ በአንዳንድ የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀሎች ዳኛው ከዝቅተኛው አስገዳጅ ቅጣት በታች እንዲወስን ይፈቅድለታል። ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ ተከሳሹ የሚከተሉት «የሌሉበት» መሆኑ ነው፤ ሀ. ከ4 በላይ የወንጀል ሪከርድ ነጥብ (ለቀድሞ ጥፋቶች የሚቆጠር ነጥብ ድምር)፣ ለ. ባለ 3 ነጥብ የቀድሞ ጥፋት፣ እና ሐ. ባለ 2 ነጥብ የኃይል ጥፋት። ተከሳሹ ሀ እና ለ ነበሩበት፣ ሐ ግን አልነበረበትም። ከፊቱ የተደቀነው አስገዳጅ ቅጣት ቢያንስ 15 ዓመት ነበር።

ጠበቆቹ «ሕጉ የሚከለክለው ሦስቱም የተሟሉበትን ሰው ነው፤ ደንበኛችን አንዱ ይጎድለዋል» አሉ። መንግሥት ደግሞ «አንዱ እንኳ ካለበት ዕድሉ ተዘግቷል» አለ። በሎጂክ ምልክት ሲጻፉ የሁለቱ ወገኖች ልዩነት አንዲት ቅንፍ ናት፤ አሉታው ከቅንፉ ውጭ ሆኖ ሦስቱን በአንድነት ይክዳል ወይስ ገብቶ እያንዳንዳቸውን ይክዳል? በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረው ኦገስተስ ዲ ሞርጋን ስሙን የሰጠው ሕግ እንደሚያሳየን፣ አሉታ ከቅንፉ ውጭ ሲሆን በውስጥ ያለው «እና» ወደ «ወይም» ይለወጣል፤ ከሦስቱ አንዱ መጉደሉ ይበቃል ማለት ነው።

ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለመንግሥት ወሰነ። የአብላጫውን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ኤሌና ኬገን ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ሒሳብ ነው። ባለ 3 እና ባለ 2 ነጥብ ጥፋት ያለበት ሰው ድምሩ 5 ስለሚሆን፣ በጠበቆቹ ንባብ ሀ የሚባለው መስፈርት ሥራ ፈት ይሆናል። የተቃውሞውን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ኒል ጎርሰች ግን በዚህ አልተስማሙም። የኬገን ስሌት ብርቱ ነው፤ ይሁንና ዘጠኝ ዳኞችን ለሁለት የከፈለ ዐረፍተ ነገር ግልጽ ነበር ለማለት አልደፍርም። እንዲህ ዓይነት ጥርጣሬ ደግሞ በእስረኛ ዓመታት መከፈል የለበትም ብዬ አምናለሁ።

እርስዎም ውል ሲያረቅቁ ይጠንቀቁ። በአማርኛም «ዕዳ፣ ክስና እገዳ የሌለበት» ቢሉ ያው ጥያቄ ይነሣል። «ከሚከተሉት አንዱ እንኳ የሌለበት» ወይም «ሦስቱ በአንድነት ያልተገኙበት» ብለው ቁርጡን ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ልጄ «የሚያብረቀርቅ ሁሉ ወርቅ አይደለም» የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል በሎጂክ እንድትጽፍ ታዝዛ «ከሚያብረቀርቅ ነገር አንድም ወርቅ የለም» ብላ ጻፈች። ዜሮ ተሰጣት። የተከተለችው የቃላቱን ቅደም ተከተል ነው። ተበድላለች? (አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ልጅዎ ቃላቱን በታማኝነት ተከትላለች፤ እንግሊዝኛው «ሁሉ»ን አስቀድሞ አሉታውን ያስከትላልና። ነገር ግን ወርቅ ራሱ ያብረቀርቃል። በእርሷ ቀመር አባባሉ ዓይን ያወጣ ውሸት ይሆናል። የታሰበው «የሚያብረቀርቅ ሁሉ ወርቅ ነው ማለት አይደለም» ነው፤ አሉታው «ሁሉ»ን ከላይ ሆኖ ይክዳል። የአማርኛው አባባልም በዚያው ቅደም ተከተል የተሠራ ነው፤ እኛ የምንረዳው ስለ ወርቅ ስለምናውቅ እንጂ ሰዋስዉ ስለነገረን አይደለም።

ስለዚህ በዚህ ጥያቄ ሙሉ ነጥብ አይገባትም፤ ዜሮም አይገባትም። «ተማሪዎቹ ሁሉ አልመጡም» የሚል፣ ዙሪያው ምንም የማይናገር ዐረፍተ ነገር ቢሆን ኖሮ ግን ሁለቱም ንባቦች ልክ ናቸው። ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ በእንዲህ ያለ ጥያቄ ሁለት ቀመር ጽፋ «የትኛውን ማለትዎ ነው?» ብላ ከሥሩ ጠየቀች። እኔ የጠበቅሁት አንዱን ስለነበር ነጥብ ቀነስኩባት። ማታ ወረቀቱን ደግሜ ሳየው ከክፍሉ ሁሉ ዐረፍተ ነገሩን በትክክል ያነበበችው እርሷ ብቻ እንደነበረች ገባኝ፤ በማግሥቱ ነጥቧን መለስኩላት። ልጅዎን ሁለቱንም እንድትጽፍ ያበረታቷት።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ወደ አማርኛ ተርጉሜ ከዚያ ወደ ምልክት ብሄድ አይቀለኝም? (ተማሪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ እንደ ቃሉ ነው። በ«አንለስ» እንዳየነው ይረዳል። በ«ኦንሊ»ም ይረዳል፤ የእንግሊዝኛው ቃል በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሲንከራተት የእኛ «ብቻ» ግን የሚገድበውን ቃል ተከትሎ ይቆማል። «አልማዝን ብቻ ገበያ አየኋት» እና «አልማዝን ገበያ ብቻ አየኋት» ለማንም አይምታቱም።

በ«ኤኒ» («ማንም»፣ «ማንኛውም») ላይ ግን አማርኛም አያድንህም። «ማንም ይችለዋል» ስንል ሁሉም ማለታችን ነው፤ «ማንም አልመጣም» ስንል አንድ እንኳ። «ነው»ም እንዲሁ ነው። «ሶቅራጥስ ሰው ነው» ሲባል ሶቅራጥስን ከሰዎች መካከል ይመድበዋል፤ «የአፍላጦን አስተማሪ ሶቅራጥስ ነው» ሲባል ግን ሁለት ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ይናገራል። በርትራንድ ራስል በ1919 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለእነዚህ ፈጽሞ ለተለያዩ ሐሳቦች አንድ ቃል መጠቀም ለሰው ዘር ውርደት ነው ሲል በብስጭት ጽፏል። የወቀሰው እንግሊዝኛን ነበር፤ አማርኛም ከወቀሳው አያመልጥም።

ጥያቄ፦ «በት» ማለትም «ግን» የራሱ ምልክት የለውም? (ተማሪ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ የለውም፤ የ«እና»ን ምልክት ይዋሳል። «ድኻ ነው ግን ለጋስ ነው» እውነት የሚሆነው ሁለቱም እውነት ሲሆኑ ነው። ጎትሎብ ፍሬገ በ1879 ዘመናዊውን ሎጂክ በጀመረበት ሥራው፣ ተናጋሪው «ግን» የሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ መሆኑን ለመጠቆም እንደሆነ ጽፎ፣ ይህ ጥቆማ በምልክቶቹ እንደማይገለጥ አስታውቋል። ዐረፍተ ነገር መቼ እውነት፣ መቼ ውሸት እንደሚሆን በሚያሳየው የእውነት ሠንጠረዥ ውስጥ የተናጋሪው መደነቅ ቦታ የለውም። እኔ ይህን ባስተማርኩ ቁጥር ትንሽ ይከፋኛል፤ ፈተና ላይ ግን የ«እና»ን ምልክት ጻፊ።