ፖሊፕ አለብሽ ለተባልሽው እህት፦ ብልቃጡን ሳታዪ ከክፍሉ እንዳትወጪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ከግንኙነት በኋላ ደም እያየሽ ሄድሽ፤ የማህፀን በርሽ ላይ ፖሊፕ አለ ተባልሽ፤ ለማስወጣት ከሁለት ሳምንት በኋላ ተቀጠርሽ። እንቅልፍ የለሽም፤ ለባልሽም አልነገርሽም። «ካንሰር ይሆን? እስከዚያስ እንዴት ልቆይ?» ነው ያልሽው። ከጥያቄሽ ሥር አስተያየት የጻፈው ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ብሎሻል። ደግ ነው። ግን «አይዞሽ» ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይሠራም። እኔ ያለፍኩበትን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፤ ሻይሽን ይዘሽ አንብቢው።

ፖሊፕ ማለት የማህፀን በር ላይ የሚበቅል ትንሽ ሥጋ መሰል ነገር ነው፤ ዝርዝሩን ነግረውሻል ብዬ አልፈዋለሁ።

1. መጀመሪያ ቁጥሩን ያዢ። ከሚወጡት የማህፀን በር ፖሊፖች ካንሰር ሆኖ የሚገኘው ከመቶ አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ያረጡ ሴቶች ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። አንቺ ገና የወር አበባ እያየሽ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አርባን ተሻግሬ፣ ወልጄ ከጨረስኩ በኋላ ነው የመጣብኝ። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩትም በዚህ ዕድሜ፣ በወለዱ ሴቶች ላይ ነው። ደሙም ቢሆን ምክንያት አለው። ፖሊፕ ለስላሳ ነው፤ በደም ሥር የተሞላ ነው፤ ሲነካ ይደማል። ከግንኙነት በኋላ ደም ማየት መመርመር ያለበት ነገር ነው፤ አንቺም ተመርምረሻል።

ለምን እንደምንደነግጥ አውቃለሁ። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማህፀን በር ካንሰር ነው። ሁላችንም ዘግይታ ሄዳ የሞተች አንዲት የሰፈር ሴት እናውቃለን። «የማህፀን በር» ሲባል እሷ ናት ፊታችን የምትመጣው። ያ በሽታ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ኤችፒቪ ከሚባለው ቫይረስ ነው። ፖሊፕን ሐኪሞች የሚያያይዙት ከቆየ መቆጣትና ከሆርሞን ጋር ነው። ሁለቱ አንድ ሰፈር ይኑሩ እንጂ አንድ ቤት አይደሉም።

2. ሌሊት ስልክሽን ከራስጌሽ አርቂ። እኔ ቲክቶክ ላይ አንዴ «የማህፀን በር» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ስልኬ ሌላ ወሬ አጣ። ካንሰር፣ ማህፀን ማስወጣት፣ «ይህን ቅጠል ቀቅላችሁ ታጠቡበት» የሚሉ ሰዎች። በተለይ እነዚህን የመጨረሻዎቹን እለፊያቸው። ሎሚም፣ ጨውም፣ ዳማከሴም፣ እንፋሎትም ፖሊፕ አያወርድም። ውስጥሽን ግን ያስቆጣል። እናቴ ጠበል አመጣችልኝ፤ ጠጣሁ። ቀጠሮዬንም አክብሬ ሄድኩ። ሁለቱ አልተጣሉብኝም።

ስልኩን ከተውሽ በኋላ ሐሳቡስ የት ይሂድ ትይኛለሽ። እኔን የረዳኝ ደብተር ነው። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር አላምንም። ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ለጭንቀት መደብኩ። አትሳቂ። ቁጭ ብዬ የሚያስፈራኝን ሁሉ እጽፋለሁ። በግራ በኩል ሐኪሟ የነገረችኝን፣ በቀኝ በኩል እኔ የጨመርኩበትን። ሁሌም የሚረዝመው የቀኙ ነው። ሌሊት ሲመጣብኝ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ጫር አደርግና «ነገ ከምሳ በኋላ» ብዬ እተኛለሁ። ሁልጊዜ ተሳካልኝ ብዬ አልዋሽሽም። ግን ከቀኙ ዝርዝር ውስጥ ጥያቄ የሚሆነውን መርጬ ይዤ ስገባ፣ ሐኪሟ አንድ በአንድ መለሰችልኝ። ባዶ እጅሽን ከገባሽ አልጋው ላይ ስትወጪ ሁሉም ይጠፋሻል።

3. ለባልሽ ንገሪው። «ደም» እና «ግንኙነት» የሚሉትን ቃላት አንድ ላይ ሲሰማ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ አንቺም የፈራሽው እሱን ይመስለኛል። የእኔው ሲሰማ ዝም አለ። ዝምታው አላማረኝም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዤው ገባሁ። ሐኪሟ ፊት «ከማን ነው የመጣው?» ብሎ ጠየቀላችኋ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ፊቷን እንኳ ሳታጠቁር «ከማንም አልመጣም፤ በግንኙነት የሚተላለፍ ነገር አይደለም» አለችው። እኔ ሺህ ጊዜ ብነግረው የማይሰማውን ከእሷ በአንድ ጊዜ ሰማ። ሲወጣ ጃኬቴን ይዞልኝ ነበር። የአንቺም ቢያንገራግር ይዘሽው ግቢ።

4. አሁን ወደ ዋናው። ለዚህ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ፖሊፑ ሲወጣ ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ በዓይንሽ እዪ።

የመጀመሪያው ፖሊፕ የወጣልኝ አንድ የግል ክሊኒክ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ማውጣቱ ራሱ ቀላል ነበር። ሐኪሙ በመቆንጠጫ ያዘው፣ ጠምዘዝ ጠምዘዝ አደረገው፣ አለቀ። እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ነገር ተሰማኝና ጠፋ። ማደንዘዣ እንኳ አልተወጋሁም። ትናንሾቹ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚወጡት፤ ትልቅ ከሆነ ወይም ሥሩ ወደ ውስጥ ከገባ ነው ሌላ ዝግጅት የሚፈልገው። ስለ ሕመሙ ብለሽ ከሆነ እንቅልፍ ያጣሽው፣ ተኚ።

ልብሴን ለባብሼ «ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» አልኩ።

«የምን ውጤት?» አለችኝ ነርሷ።

«የወጣው ነገር ምርመራ ነዋ።»

«እሱማ ተጥሏል። ምን ታደርጊበታለሽ?»

ሐኪሙን ጠየቅሁት። «በዓይን ሳየው ደህና ነው፤ አትጨናነቂ» አለና ቀጣዩን ታካሚ አስጠራ። ገንዘቡን ግን ሙሉውን ተቀብለዋል። ደረሰኙ እስከ ዛሬ አለኝ።

ሐኪሙ ልክ ሊሆን ይችላል። ያልኩሽን ቁጥር ካየሽ ልክ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ግን ደህና ነው ያለው ዓይኑ እንጂ ማይክሮስኮፕ አይደለም። እኔ ደግሞ ያለ ሰነድ የተዘጋ ሒሳብ አላውቅም። ክረምቱን ሙሉ የተጨነቅሁት ፖሊፑ ከወጣ በኋላ ነው፤ ሰው ይህን ስነግረው አይገባውም። «ወጣልሽ አይደል? ምን ትፈልጊያለሽ?» ይሉኛል። የምፈልገው አንድ ወረቀት ነው! የሚመረመረው ነገር ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል፤ ተመልሶ አይገኝ፤ ይህን ያህል የሚያናድድ ነገር የለም። ክሊኒኩ ተመልሼ ስጠይቅ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «አዲስ ካርድ ካላወጣሽ ሐኪሙን ማግኘት አትችይም» አለችኝ። ስለጣሉት ነገር ለመጠየቅ ልክፈል? ትቼው ወጣሁ።

ከወራት በኋላ ደሙ ተመለሰ። ፖሊፕ ተመልሶ ሊበቅል ወይም ሌላ ሊወጣ ይችላል፤ ይህም በራሱ ክፉ ምልክት አይደለም። ያን ጊዜ ነው ባሌን ያስረዳችውን ሐኪም ያገኘሁት። አልጋው ላይ ሳልወጣ ገና «ናሙናው ፓቶሎጂ ይሄዳል?» አልኳት፤ የወጣው ነገር በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ክፍል ማለት ነው። «እንዴታ!» ብላ ብልቃጡን አነሳችና ስሜን ጽፋ አሳየችኝ። አንቺም ይህችኑ ጥያቄ ጠይቂ። ከመውጣቱ በፊት ነው የምትጠይቂው፤ ከወጣ በኋላ ጊዜው ያልፍብሻል።

እዚያ ፓቶሎጂ ስላልነበራቸው ናሙናውን ራሴ ተሸክሜ ሌላ ቦታ መውሰድ ነበረብኝ። የተለመደ ነው፤ አንቺም ብትታዘዢ አትደንግጪ። ትንሽ ብልቃጥ ናት፤ ውስጧ ፎርማሊን (ናሙናው እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፈሳሽ)፣ ክዳኗ በፕላስተር የታሸገ። ከመውጣትሽ በፊት ብልቃጡ ላይ ሙሉ ስምሽና ቀኑ መኖሩን እዪ። ፎርሙ ላይ ደግሞ ዕድሜሽ፣ ናሙናው ከየት እንደተወሰደና የሐኪሟ ፊርማ ይኑር። የእኔ ላይ ዕድሜ ተዘሎ ነበር። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ ወረቀቱን ገፋ አድርጎ መለሰልኝ።

«አሟልተሽ ነይ።»

«ዕድሜዬን እኔ ልንገርህ፣ ጻፈው።»

«የሚሞላው ሐኪም ነው።»

ከተማውን አቋርጬ ተመለስኩ። አስሞልቼ ስመጣ የምሳ ሰዓት ሆነ፤ መስኮቱ ተዘጋ። ከሰዓት ሲከፈት ወንድ ሴቱ በተሰለፈበት «የማህፀን በር ናሙና የማነው?» ብሎ ጮኸ። ዞር ያላለ ሰው የለም። «የእኔ ነው! ደረሰኝ ስጠኝ!» አልኩት፤ ድምፄ ከእሱ አላነሰም። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ አንገት መድፋት አልወድም። ከኋላዬ የነበረች ልጅ እግር ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ «የእኔም እሱ ነው» አለችኝ። እስክትጨርስ አብሬያት ቆምኩ። እሷንም ዕድሜ አልተሞላም ብሎ ሊመልሳት ሲል ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። ግን ተቀበላት።



ውጤት እስኪመጣ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይከብዳል። እኔን ያረጋጋኝ ናሙናው ውስጥ ለውስጥ ምን እንደሚደረግ ማወቄ ነው። መጀመሪያ ፎርማሊን ውስጥ ይቆያል። ከዚያ ውሃው እንዲወጣ ይደረግና ሰም ውስጥ ይቀበራል። ሰሙ ከፀጉር በብዙ በሳሳ ውፍረት ይቆረጣል። ቀለም ይነከራል። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቀናት ይፈጃል፤ ወረፋ ካለ ሳምንታት። ስለዚህ ሲዘገይ «አንድ ነገር አግኝተውብኝ ነው» አትበይ። ወረፋ ነው። የምታናግሪያቸውን ስልክ ቁጥር ገና ናሙናውን ስትሰጪ ተቀበይ፤ ጥሪ ጠብቂ ቢሉሽ አትመኚ።

ወረቀቱ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። «ቢናይን» (ካንሰር ያልሆነ) ወይም «ኖ ኢቪደንስ ኦፍ ማሊግናንሲ» (የካንሰር ምልክት የለም) የሚል ካየሽ ተንፍሺ። «ክሮኒክ ሰርቪሳይተስ» ካለ የቆየ መቆጣት ማለት ነው። የእኔ ላይ «ስኳመስ ሜታፕላዢያ» የሚል ነበረበት። እንዳነበብኩት ጉልበቴ ከዳኝ። ሐኪሟ ሳቅ ብላ የተለመደ የሴል ለውጥ ነው፣ ካንሰርም ቅድመ ካንሰርም አይደለም አለችኝ። «ዲስፕላዢያ» (ያልተለመደ የሴል ለውጥ) የሚል ካለበት ግን ክትትል ይፈልጋል። ያም ቢሆን ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ለማንኛውም ወረቀቱን እዚህ ለጥፈሽ «ተርጉሙልኝ» እንዳትይ፤ ለሐኪምሽ ውሰጂው።

ከወጣልሽ በኋላ ለጥቂት ቀን ነጠብጣብ ደም ታያለሽ። ሐኪሟ እስክትፈቅድልሽ ግንኙነት የለም፤ ወደ ውስጥ መታጠብም የለም። ትኩሳት፣ ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ሞዴስ ቶሎ ቶሎ የሚያስቀይር ደም ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።

ሰውን የሚያምታታ ሌላ ነገር ደግሞ፦ ፖሊፕ ማስወጣት የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራን አይተካም። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላለን ሴቶች በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይሰጣል። አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለው) ቀብተው በዓይን የሚያዩት አለ፤ ኤችፒቪ ቫይረሱን የሚፈልገውም አለ። መቼ ብታደርጊው እንደሚሻል ፖሊፑን የምታወጣልሽን ሐኪም ጠይቂያት። ሴት ልጅ ካለሽ ደግሞ የኤችፒቪ ክትባቱን እንዳታስቀሪባት። በአገራችን 2011 ዓ.ም. ላይ በ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው የተጀመረው። የእኔዋ ትምህርት ቤት ተከትባለች፤ «እጄን አመመኝ» ብላ አንድ ቀን ሙሉ ዕቃ አላጠበችም።

አብሮሽ የሚሄድ ሰውም ምረጪ። ብዙ የሚያወራ አይሁን። እኔ ጋ የመጣችው ጎረቤቴ ስለ በሽታው አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ወረፋ ያዘችልኝ፣ ውሃ ገዛችልኝ፣ ካርድ ክፍሏን ተጣላችልኝ። እናቴን ይዤ ብሄድ ኖሮ እሷን ሳጽናና እውል ነበር።

በይ አሁን ካላንደርሽን አውጪ። ቀጠሮሽ ከወር አበባሽ ጋር የሚገጥም ከሆነ ነገ ጠዋት ደውለሽ አስለውጪ፤ አለበለዚያ ተመላልሰሽ ሌላ ሁለት ሳምንት ይጨምሩብሻል።