የኮሪያ ጥናት በአውሮፓ፦ ከዩኒቨርሲቲው በፊት የምታነቢውን ሰነድ ምረጪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። በአንድ መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። በታሪክ ተመርቀሻል፤ ኮሪያኛ ሁለት ዓመት ተምረሻል፤ ድራማ ያለ ትርጉም ትከታተያለሽ። በኮሪያ ጥናት ማስተርስ፣ ከተቻለም ዶክትሬት መሥራት ትፈልጊያለሽ። «የትኛው የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ይሻላል? ኮሪያ እያለችስ አውሮፓ መሄድ ምን ይባላል?» ነው ያልሽው።

እኔ ማስተርሴን ጀርመን ሠርቼ አሁን ዶክትሬቴን እዚያው እየጨረስኩ ነው። ከሁሉ በፊት የምነግርሽ ይህን ነው፦ ዩኒቨርሲቲ ከመምረጥሽ በፊት ምን ዓይነት ሰነድ እንደምታነቢ ወስኚ። ከተማውም፣ አማካሪውም፣ የምትጨምሪው ቋንቋም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

በመጀመሪያው ሴሚስተር መምህራችን የአንድ ጋዜጣ ገጽ ኮፒ አደሉን። የ1935 ጋዜጣ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)። በኮሪያኛዬ እተማመን ነበር። ገጹን ሳየው ግን ዋና ዋናው ቃል ሁሉ በቻይና ፊደል ተጽፏል። በኮሪያ ፊደል የቀረው በብዛት ቅጥያው ነው። በአማርኛ ብታስቢው «ን»፣ «ም»፣ «ነበር» የሚሉትን እያነበቡ መሀሉን መዝለል ማለት ነው። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ወደ ኋላ ስትሄጂ ደግሞ ይብሳል። የኮሪያ ፊደል ሃንጉል በ1446 ቢታወጅም ጆሰን በሚባለው ሥርወ መንግሥት ዘመን መንግሥትና ሊቃውንት እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ በአብዛኛው የጻፉት በጥንታዊ ቻይንኛ ነው። የግእዝን ነገር አስቢ። አማርኛ ስላቀላጠፍሽ ብቻ ዜና መዋዕል አታነቢም። ቁጭ ብለሽ መማር አለብሽ። ከ1910 እስከ 1945 ባለው የጃፓን ቅኝ ግዛት ዘመን ላይ ከሠራሽ ደግሞ የአስተዳደሩ መዝገብ ጃፓንኛ ነው።

«ለምን ኮሪያ አልሄድም» ላልሽው መልሴም ከዚሁ ይመጣል። ኮሪያ መማር ጥሩ ነው፤ ለጥናት መሄድሽም አይቀርም። ግን እዚያ ታሪክ ስታጠኚ የክፍል ጓደኞችሽ ኮሪያኛ አፋቸውን የፈቱበት ልጆች ናቸው። የአውሮፓዎቹ ጥሩ ዲፓርትመንቶች ግን የድሮውን ጽሑፍ ለውጭ ሰው ከሀ ጀምረው ማስተማር ያውቁበታል። ብዙዎቹም ከኮሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ውል አላቸው። የጀርመኑ ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ ሴኡል ውስጥ ኮሪያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የራሱ ማዕከል አለው።

ሰነዱ ከተማውን ይመርጥልሻል ያልኩትን በምሳሌ ላሳይሽ። ሰሜን ኮሪያ ላይ መሥራት ፈለግሽ እንበል። ፕራግ፣ ዋርሶ፣ ቡዳፔስትና ምሥራቅ በርሊን ፒዮንግያንግ ውስጥ ኤምባሲ ነበራቸው። ዲፕሎማቶቹ ወደ አገራቸው የላኩት ሪፖርት ከ1989 በኋላ ለተመራማሪ ተከፍቷል። ምሥራቅ ጀርመኖች ከ1955 እስከ 1962 ሃምሁንግ የሚባለውን ከተማ መልሰው ሲገነቡም ብዙ ወረቀት ትተዋል። ይህን ለማንበብ ከኮሪያኛው ይልቅ ጀርመንኛሽ ይቀድማል። የጥንቱን መጻሕፍት ከፈለግሽ ደግሞ ፓሪስ አለች። በ1377 ኮሪያ ውስጥ በብረት ፊደል የታተመው ጂክጂ የሚባል የቡድሂዝም መጽሐፍ ያለው እዚያው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ለንደን ያለው ሶአስ (የእስያና የአፍሪካ ጥናት ዩኒቨርሲቲ) እና የኔዘርላንድሱ ላይደን ዩኒቨርሲቲ የቆየ ትምህርትና ደህና ቤተ መጻሕፍት አላቸው። የትኛው ይበልጣል ብለሽ አትጨነቂ።

የእኔን ልንገርሽ። ያ ያስለቀሰኝ ገጽ ስለ እኛ ነበር የሚያወራው። ጣሊያን በጥቅምት 1935 ስትወረን፣ ራሳቸው በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ያሉት የኮሪያ ጋዜጦች ነገሩን ይከታተሉት ነበር። የማስተርስ ጽሑፌ እሱው ሆነ። መጀመሪያ የአገራችንን ስም በዛሬው አጻጻፍ ፈለግኩ። ያገኘሁት ትንሽ ነው። ለካ ያኔ አጻጻፉ ገና አልረጋም። ሁለት ሦስት ዓይነት ነው፤ «አቢሲኒያ» የሚልም አለ። ጣሊያንን ደግሞ አርዕስቱ ላይ በአንዲት የቻይና ፊደል ብቻ ይጠሯታል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ጽሑፉ ጎረፈ።

ሁሉንም ሰምና ወርቅ አድርጌ አነበብኩት። ሰሙ ኢትዮጵያ፣ ወርቁ ኮሪያ። ሳንሱር አለ፤ በቀጥታ መናገር አይቻልም፤ ስለዚህ በእኛ በኩል ስለ ራሳቸው ተናገሩ አልኩ። በጣም ደስ ብሎኝ ምዕራፉን ኮሎኪየም ላይ አቀረብኩ። ኮሎኪየም ማለት የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች ከአማካሪዎቹ ጋር ተቀምጠው የአንዱን ረቂቅ የሚፈትሹበት ነው። አንድ መምህር «ይህን ወርቅ ያስቀመጠው ጋዜጣው ነው ወይስ አንባቢው?» አሉኝ። ዜናው ከጃፓን የዜና ወኪል ቃል በቃል ተገልብጦ ቢሆንስ? መልስ አልነበረኝም። ሦስት ወር ሙሉ የጃፓኑን ጋዜጣ ከኮሪያው ጎን አስቀምጬ አንቀጽ በአንቀጽ አመሳከርኩ። ብዙው ግልባጭ ሆኖ ተገኘ። ጥቂቱ ግን አልነበረም። ጽሑፌ የቆመው በዚያ ጥቂት ላይ ነው። የምርምር ሥልጠና የሚባለውን ነገር ያገኘሁት በእነዚያ ሦስት ወራት ነው። ስለዚህ ስታመለክቺ «ኮሎኪየም አላችሁ? በስንት ሳምንት አንዴ?» ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ስለ አማካሪ። የኮሪያ ጥናት በአውሮፓ ትንሽ ዘርፍ ነው። ብዙ ቦታ ያሉት አንድ ወይም ሁለት ፕሮፌሰሮች ናቸው። አንዱ ከሄዱ ቤቱ ይናጋል። የእኔ የመጀመሪያ አማካሪ ወደ ሌላ አገር ሲዛወሩ ስምንት ወር ያለ ሰው ቀረሁ። አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። እስካሁን ያንገበግበኛል። አንቺ ጡረታቸው መቼ እንደሆነ፣ ሁለተኛ አማካሪ መኖሩን ቀድመሽ አጣሪ። ፕሮፌሰሩን በኢሜይል፣ አሁን ያሉትን ተማሪዎች ደግሞ በስልክ ጠይቂ። እውነቱን የምትሰሚው ከተማሪዎቹ ነው። ኢሜይሉ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። «የኮሪያን ባህል እወዳለሁ» አትበዪ። «ይህን ሰነድ፣ ከዚህ እስከዚህ ዓመት፣ ይህን ጥያቄ ይዤ ማንበብ እፈልጋለሁ» በዪ።

የስም አጻጻፍንም ዛሬውኑ ልመጂ። የኮሪያ መንግሥት በ2000 ያወጣው የላቲን አጻጻፍ አለ፤ በ1930ዎቹ የተሠራው የድሮውም አለ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙት የድሮውን ነው። በአዲሱ ቡሳን፣ በድሮው ፑሳን ነው። አንዱን ብቻ ይዘሽ ከፈለግሽ ግማሹ መጽሐፍ ያመልጥሻል።

ገንዘብን በተመለከተ፦ ጀርመን ውስጥ በርሊንና ቦኹም የማስተርስ ክፍያ አይጠይቁም፤ የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ነው። ቱቢንገን ያለበት ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ሰው በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፤ ዶክትሬት ላይ ይቀራል። ኔዘርላንድስ ብዙ የዶክትሬት ተማሪ ደመወዝተኛ ነው፤ ቦታው ግን ጥቂት ነው። የኮሪያ ፋውንዴሽንንና የኮሪያ ጥናት አካዳሚን የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ በየጊዜው እዪ።

ቃኘው ሻለቃን ማጥናት ካሰብሽ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር በእጅሽ ነው። ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ የዘመተበት የኮሪያ ጦርነት ነው። የዘማቾቹን ደብዳቤና ማስታወሻ፣ የያኔውን አዲስ ዘመን በአማርኛ የሚያነብ የኮሪያ ተመራማሪ እንደ ልብ አይገኝም። ኮሪያኛውን ከዚያ ጋር ካቀናጀሽ ጥሩ ፕሮፖዛል ይወጣዋል።

ለአሁኑ ግን ኔይቨር የሚባለውን የኮሪያ ድረ ገጽ የድሮ ጋዜጦች ማኅደር ክፈቺ። ከ1920 ጀምሮ ያለው በነፃ ይነበባል። የጥቅምት 1935ን አንድ ገጽ አውጪና ስንት መስመር እንደገባሽ ቁጠሪ። ቁጥሩን እዚሁ ጻፊልኝ፤ ስንት ዓመት የቋንቋ ዝግጅት እንደሚያስፈልግሽ ከዚያ ተነስተን እናሰላዋለን።