የኦይል ቦይለር ዓመታዊ ሰርቪስ፦ ጠይቁኝ

አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የኦይል ቦይለር፣ ማለትም ነዳጅ እያነደደ ውሃ አሙቆ ቤት የሚያሞቀውን ማሽን እጠግናለሁ። ብርድ ሲመጣ ቤት የገዙ ወገኖቼ ስልኬን ያጨናንቁታል፤ ዘንድሮ ሳይበርድ ልመልስ።

ጥ፦ ያመጣሁት ቴክኒሻን ፊልተር ቀይሮ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሄደ። ይኼ ሰርቪስ ይባላል?

መ፦ አይባልም ወንድሜ፣ ፊልተር መቀየር ነው የሚባለው። በወጉ ከተሠራ ከአንድ ሰዓት አያንስም፤ የቆሸሸ ከሆነ ሁለትም ይፈጃል።

ጥ፦ ታዲያ ምን ምን ይሠራል?

መ፦ መጀመሪያ ቦይለሩ ተከፍቶ ጥቀርሻው በብሩሽ ይፋቃል፣ በቫክዩም ይሳባል። ጥቀርሻ ያለበሰው ብረት ሙቀቱን ለውሃው አያቀብልም፤ ገንዘባችሁ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ወደ ጭስ ማውጫው የሚሄደው የቆርቆሮ ቱቦም ወልቆ ይራገፋል።

ቀጥሎ በርነሩ፣ ማለትም እሳቱን የሚያነደው ክፍል ነው። ኦይሉን የሚረጨው ጫፍ፣ ኖዝሉ፣ በየዓመቱ ይቀየራል። ላዩ ላይ በሰዓት የሚረጨው ጋሎንና የሚረጭበት ዲግሪ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 0.85 እና 80። ሁለቱም ቦይለሩ የሚጠይቀው መሆን አለባቸው፤ መኪናው ውስጥ የተገኘውን መግጠም አይሠራም። ብልጭታ ሰጥተው እሳቱን የሚለኩሱት የኤሌክትሮዶቹ ርቀት በመለኪያ ይስተካከላል፣ እሳቱን የምታየው «ዓይን» ትወለወላለች። የፓምፑ ግፊትም በጌጅ ይታያል፤ የድሮዎቹ 100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ ብዙዎቹ አዳዲሶች 140።

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ግን የመጨረሻውን ነው፤ ልኬቱን። በቱቦው ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ጭሱ በእጅ ፓምፕ ተስቦ በነጭ ወረቀት ያልፋል። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ነጥብ ከ0 እስከ 9 ካለው ሰሌዳ ጋር ይነጻጸራል፤ 0 ወይም ለዓይን የሚያሳስት ጥላ ነው የምንፈልገው። ከዚያ የጭሱ ሙቀት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱና ካርቦን ሞኖክሳይዱ በማሽን ይነበባል። ቁጥሮቹ ተጽፈው ቦይለሩ ላይ ካልተንጠለጠሉ እኔ ሥራው አለቀ አልልም።

ጥ፦ እሳቱን በዓይን አይቶ ማስተካከል አይቻልም? የእኔ ደማቅ ቢጫ ነው፣ ያምራል።

መ፦ አይቻልም። እኔም በዓይኔ አላምንም።

ጥ፦ እናቴ ከአገር ቤት መጥተው እኛ ጋ ናቸው። ቦይለሩ ሲጠፋ እንደገና የሚያስነሳውን ቀዩን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑታል። ችግር አለው?

መ፦ አለው፣ እህቴ፤ ቶሎ ንገሪያቸው። አንዴ ብቻ ነው የሚጫኑት፤ ካልነሳ መደወል ነው። በተጫኑት ቁጥር ያልነደደ ኦይል ውስጡ ይጠራቀማል፣ በመጨረሻ ሲለኮስ ባንዴ ይነሳል። እንዲህ የሆነበት ቤት ገብቼ የቦይለሩ በር ተገንጥሎ፣ ቤዝመንት የተሰጣው ነጠላ ከነጥለቱ ጠቁሮ አግኝቻለሁ። እግዜር አውጥቷቸው ሰው አልተጎዳም።

ጥ፦ ከጎኑ ያለው ቫልቭ ውሃ ያንጠባጥባል። ልቀይረው?

መ፦ እሱ ግፊቱ 30 ፒኤስአይ ሲደርስ እንዲተነፍስ የተቀመጠ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ሳይሆን ውሃው ሲሞቅ የሚጨምረውን መጠን የሚቀበለው፣ አየሩ ያለቀበት የማስፋፊያ ታንክ ነው። ውሃው ተቀንሶለት ሲለካ 12 ፒኤስአይ አካባቢ ማሳየት አለበት፤ በሰርቪስ ቀን አስለኩት። ቫልቩን ልድፈነው የሚል ሰው ከመጣ በሩን አሳዩት።

ጥ፦ ቅዳሜ ማታ ኦይል ቢያልቅብኝ ናፍጣ መጨመር እችላለሁ?

መ፦ ትችላለህ፤ ከማደያ አምስት አሥር ጋሎን ለሌሊቱ ያደርስሃል። ቤንዚን ግን ጠብታም እንዳይነካው። ቧንቧው አየር ስለገባው አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል፤ የማያውቅ ሰው አይሞክረው።

ጥ፦ መቼ ላስጠራ?

መ፦ እንቁጣጣሽ ሳያልፍ። ጥር ላይ ስትጠሩን ቤቱ የበረደበት አሥር ሰው እየጠበቀን ነው፣ ብሩሹን ከቦርሳ ለማውጣት እንኳ እንሰንፋለን።