«እማዬ፣ እኔም እጠፋለሁ?»

የዛሬው ደብዳቤ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ የ9 ዓመት ልጅ እናት ናት። ልጅቷ ቁርጥ የአባቷ እህት ናት፤ ግንባሩ፣ ፍንጭቱ፣ ሳቁ ሳይቀር። አባትየው ግን እህቱን አይመስልም። አክስትየዋ በ19 ዓመቷ ከቤተሰቡ ተጣልታ ወደ ጅቡቲ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስሟ አይነሳም፤ ፎቶዋም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ልጅቷ መልስ በሰጠች ወይም አርፍዳ በገባች ቁጥር ግን አብረዋቸው የሚኖሩት የአባቷ እናት «ያቺኑ እኮ ናት! ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። ባልየው ይሰማል፤ ዝም ይላል። በቀደም ማታ ልጅቷ ልትተኛ ስትል «እማዬ፣ እኔም እጠፋለሁ?» ብላ ጠየቀች። እናት የምትመልሰው ጠፋት።

እህቴ፣ ይህን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። ልጅሽ «እዚህ ቤት ቦታ አለኝ ወይ?» እያለችሽ ነው።

መጀመሪያ የመልኩን ነገር እንፍታው። ልጅሽ ከአክስቷ የወረሰችው አንድም ነገር የለም። ሊኖርም አይችልም። ሰው ዘረ መሉን ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ይወስዳል። ባልሽና እህቱ የቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ከእናትና ከአባታቸው። ባልሽ ደግሞ ከያዘው ግማሹን ለልጁ ሰጠ። እሱ ላይ ሳይታይ የቆየ መልክም ልጁ ላይ ሊወጣ ይችላል። አክስትና የወንድም ልጅ በአማካይ ከዘረ መላቸው ሩብ ያህሉን የሚጋሩትም በዚሁ መንገድ ነው። ከአያቷ ጋር የምትጋራውም ያው ሩብ ገደማ ነው። እንግዲህ አማትሽ «ያቺኑ» እያሉ የሚያዩት ፊት በራሳቸው ወይም በባላቸው በኩል የመጣ ፊት ነው።

ጠባይስ? እውነቱን ልንገርሽ፤ ጠባይም በከፊል ይወረሳል። መንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ግማሽ ገደማው ከውርስ ጋር እንደሚያያዝ ያሳያሉ። የሚወረሰው ግን ዝንባሌ ነው፤ ቶሎ መቆጣት፣ ድፍረት፣ ዓይን አፋርነት። ቤት ጥሎ የመሄድ ዘረ መል የለም። አክስቷ የሄደችው ተጣልታ ነው። ጠብ በደም አይተላለፍም። ድሬ እኮ ባቡሩ ከጅቡቲ ከደረሰባት ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው የሚመጣባትና የሚሄድባት ከተማ ናት። የሄደ ሰው የሌለው ቤት ስንት ነው?

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ልጅ ስለ ራሷ ደጋግማ የሰማችውን ታምናለች። የሚያያት ሰውም ቢሆን የጠበቀውን ብቻ ያያል። አንድ ቀን ስታረፍድ «ያቺኑ» ይባላል፤ በሰዓቱ የገባችባቸውን ቀናት የሚቆጥር የለም።

ዛሬውኑ ማታ መልሺላት። «አዎ፣ አክስትሽን ትመስያለሽ። እሷ የሄደችው ትልልቅ ሰዎች ተጣልተው ስላልታረቁ ነው። አንቺ ብታጠፊም፣ ብንቆጣሽም ልጃችን ነሽ» በያት። አታስረዝሚው።

ከአማትሽ ጋር መነጋገር ያለበት ግን ባልሽ ነው። እናቱ ናቸው፤ የሄደችውም እህቱ ናት። አንቺ ከጀመርሽው «ምራቴ ደፈረችኝ» ይመጣና ነገሩ ሌላ ጠብ ይሆናል። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ልጅቷ በሌለችበት፣ ቡና ላይ ይንገራቸው። ትንታኔ አያስፈልግም። «እኔም እጠፋለሁ ወይ ብላ ጠየቀች» ይበላቸው። ይህን ሰምተው እንደ ድሮው የሚቀጥሉ አይመስለኝም።

አማትሽን እንደ ክፉ ሰው አላያቸውም። ልጃቸው ሄዳ ቀረች፤ ፊቷ ግን በየቀኑ ቤታቸው ውስጥ ይዞራል። ይህ ያማል። ስሟን ማንሳት ነውር ስለሆነ ናፍቆታቸው የሚወጣው በቁጣ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ቃሉ ልጅቷ ፊት መቆም አለበት። ካመለጣቸው እዚያው፣ ሳትቆጪ፣ ልጅሽን በራሷ ስም ጥሪያት። እንቅልፍ እያጣች፣ ምግብ እየዘጋት ወይም ትምህርት ቤት አልሄድም እያለች ሳምንታት ከቆየች ደግሞ ባለሙያ ጋ ውሰጃት።

ያንን ፎቶም ከሳጥኑ አውጡት። አማትሽ የወጣትነት ፎቶ ካላቸው ከጎኑ አስቀምጡት። ልጅሽ መሃላቸው ትቀመጥ። ግንባሩ ከማን፣ ፍንጭቱ ከማን እንደመጣ አያቷ ራሳቸው ይንገሯት።