የድራፍት ፒክ ልውውጥ፦ ጠይቁኝ፣ ልመልስ

ስለ ኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ስለሚመርጡበት ሥርዓት፣ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ማታ አንድ ላይ እመልሳለሁ። ፒክ የምለው የመምረጫ ተራውን ነው፤ ቡድኖች ይለዋወጡታል። 32 ቡድን፣ 7 ዙር፣ ባለፈው ዓመት የደከመው ቀድሞ ይመርጣል፤ ይህን ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ትንበያ አትጠይቁኝ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ጋሼ፣ ዋሽንግተን በ2012 ለኳርተርባኩ (ማጥቃቱን ለሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ለሮበርት ግሪፊን የከፈለው ያን ያህል ስህተት ነበር? ልጁ እኮ በዚያው ዓመት ከአዲስ ገቢዎች ምርጡ አጥቂ ተብሎ ተሸልሟል።

መልስ፦ ልጁን ተወውና ዋጋውን እንይ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሠልጣኝ ጂሚ ጆንሰን ዘመን ዳላስ ውስጥ የተሠራ የነጥብ ሠንጠረዥ አለ። 1ኛው ተራ 3000 ነጥብ ነው፤ 2ኛው 2600፣ 6ኛው 1600፣ 39ኛው 510። ዋሽንግተን 2ኛውን ከሴንት ሉዊስ ራምስ ለመውሰድ 6ኛውንና 39ኛውን ሰጠ፤ ድምሩ 2110 ነው። የጎደለው 490 ብቻ! ለዚያ 490 የ2013ንም የ2014ንም የመጀመሪያ ዙር ፒክ ጨመረበት። አንዱ ብቻ፣ ያውም የዙሩ መጨረሻ 32ኛ ተራ ቢሆን እንኳ፣ 590 ነጥብ ያወጣል።

ከዚያ የልጁ ጉልበት ተጎዳ። ቡድኑ በ2013 ሦስት አሸንፎ 13 ተሸነፈ። የሰጠው የ2014 ፒክ ስንተኛ ሆኖ ወጣ? 2ኛ! 2ኛ ተራ ለመግዛት ራሱን 2ኛ ተራ ከፈለ፤ ሌላው ሁሉ ምራቂ ሆነ። በ2015 ዲቪዥኑን (በሊጉ ውስጥ ያለበትን ምድብ) ሲያሸንፍ የመራው ደግሞ በዚያው በ2012 ድራፍት በ4ኛው ዙር፣ 102ኛ ላይ የመረጠው ከርክ ከዝንስ ነው። የሚመጣውን ዓመት ፒክ እንደ ነፃ ነገር አትቁጠሩት። ይህን ደግሜ እላለሁ።

ከአዲስ አበባ፦ የማካካሻ ፒክ (ተጫዋቾቹ ኮንትራት ጨርሰው ለሄዱበት ቡድን የሚሰጥ ተጨማሪ ፒክ) ለሌላ ቡድን ይለወጣል?

መልስ፦ ከ2017 ወዲህ፣ አዎ።

ከዳላስ፦ የሄርሸል ዎከር ነገር እንዴት ይዘለላል? በ1989 ያን አንድ ሯጭ ለሚኒሶታ ሰጥተን ሦስት ሱፐር ቦውል (የሊጉን ዋንጫ) ያሸነፈ ቡድን ገነባንበት።

ከሚኒያፖሊስ፦ ሁልጊዜ ዎከር! ቫይኪንግስ (የሚኒሶታ ቡድን) ዋንጫ የሚጎድላቸው አንድ ሯጭ ነው ብለው አምነው ነበር። ደግሞም አምስት ተጫዋች ሰጥተናችኋል፣ ፒክ ብቻ አይደለም።

ከዳላስ፦ ተጫዋቾቹን ማን ፈለጋቸው? ሯጩን ኤሚት ስሚዝን በእናንተ ፒክ ነው ያገኘነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሹን ብቻ ነው የያዛችሁት። አምስቱ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ፒክ ታስሮባቸው ነበር፤ ዳላስ ተጫዋቹን ካሰናበተ ፒኩ የእሱ ይሆናል። ሚኒሶታ ጆንሰን ተጫዋቾቹን ያስቀራል ብሎ ገመተ፤ እሱ ግን ዓይኑ ፒኮቹ ላይ ነበር። ስሚዝም ቢሆን በቀጥታ አልመጣም። የሚኒሶታ ፒክ 21ኛ ነበር፤ ከ3ኛ ዙር ፒክ ጋር ለፒትስበርግ ተሰጥቶ ነው ወደ 17ኛ የወጡት። አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ በአጠቃላይ ፒክ ጨምሮ ወደ ቀዳሚ ተራ መውጣት ይሻላል ወይስ ተጨማሪ ፒክ ተቀብሎ መውረድ?

መልስ፦ እህቴ፣ «በአጠቃላይ» የሚባል ጥያቄ አይመለስም፤ ከስንተኛ ወደ ስንተኛ? በምን ዋጋ? ግን ካነሳሽው፣ ተመራማሪዎቹ ኬድ ማሲና ሪቻርድ ታለር ያጠኑትን ልንገርሽ። በአንድ የጨዋታ ቦታ ቀድሞ የተመረጠው ከእሱ ቀጥሎ ከተመረጠው በልጦ የተገኘው 52 ከመቶ ጊዜ ብቻ ነው። ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይርቅም። እንግዲያው ሁለት ወይም ሦስት ሰው የመምረጥ ዕድል ትቶ አንዱን የሚያሳድድ ቡድን በራሱ ዓይን ከልክ በላይ ተማምኗል ማለት ነው። እኔ መውረድን የምወደው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ተቀይሯል። ጥናቱ የተጀመረው የአዲስ ገቢዎችን ደመወዝ ከቀነሰው ከ2011 ስምምነት በፊት ነው። በ2010 1ኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ ለ6 ዓመት 78 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ በ2011 ካም ኒውተን ለ4 ዓመት 22 ሚሊዮን። ስለዚህ ዛሬ የላይኛው ተራ ከያኔው ይሻላል። ጥናቱን የምትጠቅሱ ይህን አትርሱ።

ከአትላንታ፦ ታዲያ ኳርተርባኩ ማሆምስስ? ካንሳስ ሲቲ ወጥቶ አይደል ያገኘው?

መልስ፦ ወጥቷል። በ2017 ከ27ኛ ወደ 10ኛ፤ የ3ኛ ዙር ፒክና የ2018 የመጀመሪያ ዙር ለቡፋሎ ከፍሎ። ለኳርተርባክ ብቻ እቀበለዋለሁ፤ ለሯጭ በፍጹም። በዚያው ድራፍት ግን ቺካጎ ከ3ኛ ወደ 2ኛ አንዲት እርምጃ ለመውጣት ተጨማሪ ሦስት ፒክ ሰጥቶ ኳርተርባኩን ትሩቢስኪን ወሰደ። ማሆምስ ያኔ ገና አልተመረጠም ነበር።

ከሂዩስተን፦ የዘንድሮውን ይዞ የሚመጣውን ዓመት መስጠት አይሻልም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ! ካሮላይና በ2023 ኳርተርባኩን ብራይስ ያንግን 1ኛ ለመምረጥ ለቺካጎ ተጫዋቹን ዲጄ ሙርን፣ 9ኛውን፣ 61ኛውን፣ የ2024 የመጀመሪያ ዙርና የ2025 2ኛ ዙር ሰጠ። የ2024ቱ 1ኛ ተራ ሆኖ ወጣ፤ ቺካጎ ኬሌብ ዊሊያምስን መረጠበት።

ከአዲስ አበባ፦ በሚቀጥለው ድራፍት ማን የሚወጣ ይመስልዎታል?

መልስ፦ ትንበያ አልመልስም ብያለሁ።