«ቦርሳ ብቻ አድርስ» ለተባልክ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ እኔ ቦርሳ ብቻ ነው የማደርሰው፣ ከፍቼም አላየሁትም። ብትያዝም ልጅ ስለሆንክ ይለቁሃል ብለውኛል። እውነት ነው?»

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጀማሪ ጠበቃ ሳለሁ ለአንድ የ15 ዓመት ልጅ ቆሜ ነበር። የተያዘው አደንዛዥ ዕፅ ያለበት ቦርሳ ተሸክሞ ነው። በየቀጠሮው አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ከኋላ ይቀመጣል። ውሃ ያመጣለታል፣ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል፣ እኔንም ብድግ ብሎ ሰላም ይለኛል። አጎቱ መሰለኝ፤ እንዲያውም እንዲህ ያለ ዘመድ ስላለው ደስ ብሎኝ ነበር። ልጁ አንድ ነገር ሲጠየቅ መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል። ፈርቶ ነው ብዬ አለፍኩት። ጥፋቱን ቢያምን ቅጣቱ እንደሚቀልለት መከርኩት። አመነ፣ ተፈረደበት። የዚያን ቀን ሰውዬው አልመጣም። ሊወስዱት ሲሉ «አጎትህ ዛሬ ምነው ቀረ?» አልኩት።

«አጎቴ አይደለም። እሱ ነው የሚልከኝ።»

አዲስ ጫማ አድርጎ ነበር፣ በጣም የሚሰፋው። ከፊቱ ይልቅ ጫማው ነው እስከ ዛሬ ትዝ የሚለኝ።

ሕጉ ስለ እንዲህ ያለ ሰው ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት በልጅ መጠቀምን ወንጀሉን የሚያከብድ ነገር ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 182 ደግሞ ልጅን ለዕፅ ዝውውር ማሰማራትን ከአስከፊዎቹ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛዎች ይመድበዋል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ያሰማራ አዋቂ የቅጣቱ ጣሪያ እጥፍ ይሆንበታል። ድሮ ቅጣት ማክበድ ልጅ አያድንም እል ነበር፣ አሁንም እንደዚያ አምናለሁ፤ ያ ሰውዬ ትዝ ሲለኝ ግን እጥፍም ያንሰዋል እላለሁ።

ግን ልጁን «ማን ላከህ?» የሚለው ሰው ከሌለ ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። እኔ አላልኩትም።

የዛሬ ልጆች በስልክ የተዋወቃችሁትን ሰው ከወላጅ በላይ ማመናችሁ ያናድደኛል። እኔም ግን ስንት ዓመት ሕግ ተምሬ፣ ውሃ ይዞ ስለመጣ ብቻ ሰው አምኛለሁ።

ይለቁሃል የተባልከው ውሸት ነው። ልጅነት ቅጣት ያቀልልህ ይሆናል፣ ከክስ ግን በብዙ አገር አያስጥልህም። ቦርሳውን ከእንግዲህ አትንካ። የላኩልህን መልእክት አታጥፋ፣ ብቻህንም ሄደህ አትጋፈጣቸው። ከምታምነው ትልቅ ሰው ጋር ሆነህ ጠበቃ አናግር። ለእኔም በግል ጻፍልኝ፣ ማታም ቢሆን አነባለሁ። ያንን ቦርሳ የሚሰጥህ ማነው?