መልስ፦ ጥፋቱ የሰው ብዛት ብቻ ነው ወይ?

«ተፈጥሮ የሚጎዳው ሰው ስለበዛ ነው ወይ?» ላልከው፣ በከፊል አዎ። እ.ኤ.አ. በ1950 የዓለም ሕዝብ 2.5 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በ2022 8 ቢሊዮን ደረሰ። ይሄ ሁሉ ሰው መብላት አለበት። ስለዚህ ደን ይመነጠራል፣ የዱር እንስሳትም መኖሪያ ያጣሉ። ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከከርሰ ምድር ከምንቀዳው ውሃ 70 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እርሻ ነው (ብዙ ሰው የቤት ፍጆታ ይመስለዋል)።

ግን ቁጥሩን ብቻ መውቀስ ልክ አይመስለኝም። ምድርን ከሚያሞቀው በካይ ጋዝ ግማሽ ያህሉን የሚለቀው ከዓለም ሕዝብ ሀብታሙ 10 በመቶ ነው። ብዙ ልጅ የሚወለድባቸው ድሃ አገሮች ድርሻ በጣም ትንሽ ነው። የእነሱ ጭንቀት ሌላ ነው፦ ትምህርት ቤቱም፣ ሥራውም ለልጆቹ አይዳረስም። ሴት ልጆች ሲማሩና የወሊድ መከላከያ እንደ ልብ ሲያገኙ ግን ማንም ሳያስገድዳቸው የሚወልዱት ልጅ ቁጥር ይቀንሳል።